ድንጋይ ያለበት ካርቶን

አምቦ ውስጥ አማርኛ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛ ዓመቴ፣ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዬ ከክፍል እየሮጠች እየወጣች ስላስቸገረችኝ በር መዝጋት ጀመርኩ። በሩን ስዘጋ በመስኮት ወጣች።

ክፉ ልጅ አልነበረችም። ጫጫታ ሲበዛ፣ አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ ክንዷን ስትነካት፣ ወይም ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ እግሯ ከእሷ ቀድሞ ይነሳል። በዚያ ሰሞን ስለ እንዲህ ዓይነት ልጆች ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሠልጣኟ “ሰውነታቸውን እንዲያዳምጡ እርዷቸው” ስትል ከኋላ ወንበር ሳቄ አመለጠኝ። የእኔዋን ልጅ ሰውነት እንኳን እሷ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ሳቄን ያስተወኝ ጀሪካን ነው። ውሃ ጠፍቶ ተማሪዎች ከቤታቸው ይዘው እንዲመጡ በታዘዙበት ቀን፣ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። ያን ቀን ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ተቀምጣ ጻፈች። በማግስቱ ውሃው መጣ፤ እሷም በመስኮት ሄደች። ርዕሰ መምህራችን “አንዴ ከደገመች ቤቷ ትቀመጣለች” ብለው ቆረጡ። እናቷ ከሁለት ትምህርት ቤት መልሰውባት ነው ወደ እኛ ያመጣቻት፤ ሌላ የሚቀበላት አልነበረም።

ከባድ ነገር መሸከም እንደሚያረጋጋት ስለገባኝ ተንኮል አሰብኩ። እኛ ጋ ተማሪ ከክፍል ክፍል ጠመኔና መዝገብ ሲያመላልስ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ያረጁ መጻሕፍትና አንድ ደህና ድንጋይ ካርቶን ውስጥ ከትቼ በፕላስተር አሸግኩት። እግሯ መወዛወዝ ሲጀምር “ይህን ለሒሳብ መምህሩ አድርሺልኝ” እላታለሁ። እሱ የዚሁ የአቅራቢያችን ከተማ የጌዶ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ። ኮስተር ብሎ ያመሰግናታል፤ ትንሽ ቆይቶ “ለቲቸርሽ መልሺላት” ይላታል። ውሎ አድሮ ራሷ እጇን እያወጣች “ቲቸር፣ ካርቶኑ አይሄድም?” ትለኝ ጀመር። ከመሮጧ በፊት መጠየቋ ደስታው አላስችል ብሎኝ ነበር።

የመምህራን ክፍል ግን ዓይን አለው። ላጤ መምህርት ለላጤ መምህር በቀን ሦስቴ የታሸገ ካርቶን ስትልክ ምን ይባላል? የተባለው ተባለ። እውነቱን ልናገር፣ ወሬውን ለማስቆም እኔም አልቸኮልኩም።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህራችን ልጅቷን በረንዳው ላይ አግኝተው ከነካርቶኑ ወደ ክፍሌ ይዘዋት ገቡ። ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ፕላስተሩን ቀደዱት። ደብዳቤ ሳይጠብቁ አልቀሩም፤ ድንጋዩን ሲያወጡ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

“ልጅ ድንጋይ ታሸክሚያለሽ? በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ይህችን ልጅ እዚህ እንዳላያት!”

ጨስኩ። ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰው ስድብ ቢወጣ የእኔም የእሷም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ልጅቷ ጋውኔን ሳብ አደረገችው።

“ቲቸር፣ ትከሻዎ ጆሮዎ ጋ ደርሷል። ዛሬ ካርቶኑን እርስዎ ያድርሱት።”

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ርዕሰ መምህራችን ጎንበስ አሉላት።

“በምን አወቅሽ?”

“እኔም ልሮጥ ስል እንደዚያ ነው የምሆነው። መጀመሪያ ትከሻዬ፣ ከዚያ ሆዴ፣ ከዚያ እግሬ።”

አሠልጣኟ ላይ የሳቅኩት ሳቅ ያን ጊዜ አሳፈረኝ። ርዕሰ መምህራችን እጃቸው ላይ ያለውን ድንጋይ አገላብጠው አዩትና መልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከተቱት።

“ቶሌ፣ እሺ። ነገም ትምጣ” አሉ። በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ። “ካርቶኑም በቀን አንዴ ወደ ቢሮዬ ብቅ ይበል።”

እኔም ካርቶኑን አቅፌ ወደ ሒሳብ ክፍል ወጣሁ። ለካ በጣም ከባድ ነበር።