የጋሼን መኪና የነዳሁ ቀን

ጋሼ ተፈራ ታላቅ ወንድሜ ነው። ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ የግራ ጎን እይታውን ጋርዶበት እንኳ ከተማው ማዶ ኦከርን ወዳለው ሥራው እየነዳ መሄዱን አልተወም። በታላቅ ላይ እጅ ማንሣት ነውር ቢሆንም አንድ ቀን ቁልፉን ቀማሁትና መሀል ከተማ ሴንትሩም ወዳለችው የዓይን ሐኪሙ እኔው ልወስደው ተነሣሁ።

ከሰፈራችን ከፕሪንስዳል እንደወጣን ጀመረኝ።

«በቀኝ ሰው አለ።»

ፍሬን ረገጥኩ። አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ዜብራው ላይ ገብታለች።

«አይቻታለሁ» አልኩት። አልታየችኝም ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «በቀኝ ብስክሌት።»

«ጋሼ፣ ንዴትህን ቤት ስንገባ ተወጣብኝ» አልኩት። እሱ ግን ድምፁን ሳያነሣ በቀኝ የሚመጣውን ሁሉ እየነገረኝ ደረስን።

ሐኪሟ እሱን መርምራ ስትጨርስ «ይሄ በሽታ በቤተሰብ ይመጣል፤ አንቺም ተመርመሪ» አለችኝ። አገጬን ማሽኑ ላይ አስደግፌ ብርሃን ባየሁ ቁጥር በተን እንድጫን ነገረችኝ። ብዙም ሳልጫን አለቀ።

ውጤቱን ደጋግማ አየችና «እዚህ ድረስ ማን ነው የነዳው?» ስትል ጠየቀች።

ጋሼ ቀድሞኝ መለሰላት።

«ሁለታችን ሆነን።»