ከፈረሱ ላይ የተፈታው ጠፍር

ዛሬ ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ ስመጣ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ለሌላ ሰው ይኼ ወሬ አይደለም። እኔ ግን ከመስከረም ወዲህ ሚኒባስ ስሳፈር ሰው ገፍቼም ቢሆን መሐል ነበር የምገባው። መስኮት ዳር ከደረሰኝም ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ጣል አድርጌ የተኛሁ እመስላለሁ። መንገዱን ተከትለው የሚሄዱትን የመብራት ምሰሶዎች ላለማየት ነበር። አንዱ ላይ ልጄን ተንጠልጥላ እንዳላያት።

የበኩር ልጄ ናት። ቴክኒክ ኮሌጅ ገብታ ኤሌክትሪክ ተማረች። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት፤ መብራት ማለት ለኔ ሲመጣ «እሰይ»፣ ሲሄድ «ወይ ጉድ» የሚባልለት ነገር ነው። ተመርቃ ረጅም ጊዜ ቤት ተቀመጠች። ድንች ስትኮተኩት እጇን እያየሁ፣ ይኼ የተማረ እጅ እያልኩ ሆዴ ይባባ ነበር። ኋላ ለገጠር ቀበሌዎች መስመር የሚዘረጋ አንድ ተቋራጭ ሠራተኛ ሲፈልግ ተወዳድራ አለፈች። እልልታዬን የሰማ ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት ገንፎ ሊበላ መጣ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሠርታ ቅዳሜ ቤት ስትመጣ በር ላይ ጠብቄ ቦርሳዋን ተቀበልኳት። ቦርሳው ቀለለኝ።

«ምን ምን ሰጡሽ?» አልኳት።

ለምን እንደጠየቅኋት ልንገራችሁ። በኛ ሰፈር ሰው ሲቀጠር የሚደረግ ወግ አለ። ድንች የሚያወጣልን ወይ አጥር የሚያጥርልን ሰው ስንቀጥር፣ ከሥራው በፊት ዋሱ ቆሞ እያየ ገሳ እናለብሰዋለን። ገሳ ከሣር የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ ነው፤ የኛ አገር ዝናብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ገሳ ሳያለብስ ሰው ማሳ ያስገባ ስሙ ይጠፋል። «ጉልበት እንጂ ሰው አልቀጠረም» ይባልበታል፤ ለከርሞ የሚቀጠርለት አያገኝም። ስለዚህ ሰው ተቀጠረ ሲባል እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ደመወዙን አይደለም፣ ምን አለበሱህ ብለን ነው።

ልጄ ከቦርሳዋ አንድ ብርቱካንማ ሰደርያና ፎቶዋ ያለበት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ አወጣች።

«ይኸው» አለችኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላውማ የሙከራ ጊዜዬን ስጨርስ ነው። ሄልሜቱም፣ ጓንቱም፣ ጫማውም፣ የወገብ ቀበቶውም ለቋሚ ሠራተኛ ነው የሚሰጠው።»

«ምሰሶ ላይ የምትወጪውስ ቋሚ ስትሆኚ ነው?»

«አይ፣ እሱማ አሁንም እወጣለሁ።»

መታወቂያዋን አገላብጬ አየሁት። ፎቶዋ ጥሩ ወጥቷል።

«እና ይኼ ከመውደቅ ያድናል?»

«አያድንም። ስወድቅ ማን እንደሆንኩ ያውቁበታል» ብላ ሳቀች።

አባቷም ሳቀ። እኔ መደቡ ላይ ዘጭ አልኩ። ልጄ ደንግጣ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«ኧረ እማ፣ ቀልዴን እኮ ነው! ነባሮቹ ሲወርዱ ቀበቷቸውን ያውሱኛል።»

«ሳይወርዱ ሲቀሩስ?»

መታወቂያዋን ከእጄ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። መልሱን አገኘሁት።

ጠይቂያቸው አልኳት። እንዴት ብዬ አለችኝ። ሙሽራ በገባች በሳምንቷ ጓዳችሁ ጎድሏል ትላለች ወይ፣ ገና ሳልለመድ አፏ ረዘመ ይሉኛል፣ ከሙከራው ይጥሉኛል አለች። ባለቤቴም የሷን ደገፈ። «ተዪአት አንቺ ሴት! ስንቱ ዲግሪ ይዞ ከብት ይነዳል። እንጀራዋን አትነቅንቂባት» አለኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን የሁለቱም ልክነት ወገቧ ላይ የሚታሰር አይደለም።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ድንች ይዤ ወደ እንጅባራ ስሄድ ሚኒባሱ ሌላ መኪና ሊያሳልፍ ቆመ። ካፊያ ነበር። «እዩማ፣ ሴት ናት!» አለ አንዱ። ሁሉም ወደ መስኮቱ አዘነበለ። እኔም ቀና ብል ብርቱካንማ ሰደርያ ምሰሶው ጫፍ ላይ አየሁ። በአንድ እጇ ምሰሶውን አቅፋ በሌላው ሽቦ ትስባለች። ወገቧ ላይ ምንም የለም።

«ይቺን ማን ደፍሮ ያገባታል?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ምን አጣ የሚያገባት! ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር ሰው አይቀጥር» አለው ሌላው።

«አኩርፋ ምሰሶ ላይ የወጣች ዕለትስ? ሽማግሌ በምን መሰላል ይልክባታል?»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ብቻ ከንፈሯን መጠጠችና «እናት የላትም እንዴ?» አለች። እናቷ ጎኗ ድንች ታቅፋ ተቀምጣለች። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ስደነግጥ አማርኛው ይጠፋኛል፤ በሆዴ ለጊዮርጊስ በአገውኛ እየነገርኩ፣ ሚኒባሱ እስኪነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ነጠላዬን ዓይኔ ላይ መጣል የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ቤት ገብቼ ያየሁትን ለባለቤቴ ነገርኩት። ተነሥቶ ወጣ።

ባለቤቴ ፈረስ አለው። ከልጆቹ ቀጥሎ የሚወደው እሱን ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከልጆቹም ይቀድማል። ለጥር ጊዮርጊስ የፈረስ ትርዒት ሁልጊዜ ይሰለፋል። ኮርቻውን የሚይዘው፣ በፈረሱ ሆድ ሥር ዞሮ የሚታሰረው ሰፊ ጠፍር ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ቅቤ የሚያሸው ራሱ ነው፣ ሰው አያስነካም። ያን ቀን ሲመለስ ጠፍሩን ከነዘለበቱ ትከሻው ላይ ጥሎት መጣ።

«ይኼ ስንት ጎረምሳ ጋላቢ የያዘ ነው። አንዲት ቀጭን ልጅ አያቅተውም» አለ።

«ትርዒቱስ?»

«ለጥር ስንት ጊዜ አለ!» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ጠፍሩን በቤታችን መካከል ባለው ምሰሶ ላይ ጠመጠመው፣ ወገቡን አስገባና ወደ ኋላ ተንጋለለ። «ጎትቺኝ» አለ። ጎተትኩት። «በደንብ ነው የምልሽ!» በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። ጠፍሩ ያዘ፤ ምሰሶው ግን ጣራውን ይዞ ሲጢጥ አለና አቧራ አራገፈብን። ልጄን ምሰሶ ላይ ካየኋት ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት እዚያ ላይ ነው።

እሑድ ለልጄ ስሰጣት ጮኸች። «እማ! የፈረስ ጠፍር ታጥቄ? ኮርቻሽስ የት ቀረ ይሉኛል እኮ!»

«ይበሉሽ። ይሳቁብሽ። ስቀው ሲጨርሱ አንቺ አለሽ።»

ፊቴን አየችኝ። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሳምንቱ መሐል ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል። «እማ፣ ኃላፊው ጠፍሩን አየው… ከምሰሶው አስወርዶኝ… ነገ እናትሽን አምጪ ብሎ…» ኔትወርኩ ተቋረጠ። ብደውል ብደውል አልገባ አለ። እንግዲህ አለቀ አልኩ፤ ልጄን ከመውደቅ አድናለሁ ብዬ ከእንጀራዋ ላይ ጣልኳት።

በማግስቱ የባለቤቴን ታላቅ እህት ይዤ ወደ ልጄ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ራሱ ፈረሱን ላጠጣ ብሎ ጠፋ፤ አፍሮ ነው። እህቱ ግን አፈ ስለት ናት። ባጃጅ ውስጥ ሥራ አከፋፈለችን። «ቢቆጣ የምመልስለት እኔ ነኝ። አንቺ አልቅሺ፤ እሱን ታውቂበታለሽ።»

ኃላፊው ጎልማሳ ሰው ነው። ጠፍሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ልጄ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ መሬት መሬት ታያለች።

«እናቴ፣ የዚህ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«ፈረሱ ነው» አለች የባለቤቴ እህት።

ሰውየው ሳቁን ዋጠና ጠፍሩን አነሣ። «ይኼ ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ለፈረስ ሆድ የተሠራ ነው። ካፊያ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ዘለበቱም ይሾልካል። ሰው አምኖት እጁን የሚለቅበት አይደለም።»

ያዳንኳት መስሎኝ ስተኛ የሰነበትኩት በዚያ ላይ ነበር። እንደተባልኩት ላለቅስ አፌን ስከፍት ግን እንባው ቀርቶ ነገሩ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ልጄን አያባርሩብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲቀጠር ገሳ ይለብስና ከዚያ ነው አፈር የሚነካ። እናንተ ገሳዋን ለኋላ ብላችሁ ስታቆዩባት፣ እኔ እቤቴ ያገኘሁትን አለበስኳት። ለእናንተ የሙከራ ጊዜ አላት። መሬቱ ግን ሙከራ አያውቅም፤ አዲስ ናት ብሎ ቀስ አድርጎ አይቀበላትም።»

የባለቤቴ እህት ልትናገር የከፈተችውን አፏን ዘጋች፤ ይኼ ብርቅ ነው። ሰውየው ጠፍሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በአገውኛ መለሰልኝ፤ አባቴም ገሳ ሳያለብስ ሰው አያሠራም ነበር አለኝ። ቋንቋዬን ከአፉ ስሰማ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደ።

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። ቀበቶው መጋዘን ውስጥ አለ። ለአዲሶቹም ይሰጥ ብሎ ሲጠይቅ ከርሟል፤ አዲስ ሰው ዕቃ ይዞ ይጠፋል እየተባለ ይመለስበታል። ትናንት ልጄን ከምሰሶው ካስወረዳት በኋላ ጠፍሩን ይዞ ወደ ተቋራጩ ቢሮ ገባ፤ ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ምንድን ነው?» ሲባል «ሠራተኛችን የታጠቀችው ነው» አለ። ተቋራጩ ጠፍሩን አገላብጦ አየና መጋዘኑ ይከፈት አለ።

«ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?» አልኩት።

ወደ ልጄ አመለከተ። «እናቴ በዓይኗ ካላየች አታምንም አለችኝ። ጠፍሩንም ከእርስዎ በቀር ለማንም እንዳልሰጥ ነገረችኝ።»

ልጄን አየኋት። አሁን መሬት አታይም፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትታገላለች።

ግቢው ውስጥ አዲሶቹ ሁሉ ተሰብስበው ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰው ሄልሜቱን፣ ጓንቱን፣ ወፍራሙን ጫማ፣ ቀበቶውን አወጣ። የባለቤቴ እህት ዋስ እኔ ነኝ ብላ ፊት ለፊት ቆመች። «እጇ ላይ አይደለም ልጄ፣ ወገቧ ላይ! እያየሁ ይታሰር!» ሰውየው ግራ ገብቶት ኃላፊውን አየ። ኃላፊው «እሳቸው እንዳሉ አድርግ» አለው። የሁሉም ወገብ ላይ በየተራ ታሰረ፤ እሷ እየዞረች ጎተት ጎተት አደረገችው፤ አንዱን ጎረምሳ «አንተ ብላ፣ ቀበቶው ሰፍቶሃል» አለችው።

ከዚያ ልጄ ግቢው ውስጥ ለመለማመጃ የተተከለው ምሰሶ ላይ ወጣች። ቀበቶውን አዙራ አሰረች፤ ቋ ሲል ሰማሁት። ወደ ኋላ ዘንበል አለች። ከዚያ ሁለት እጇን ለቀቀች።

ጮኽኩ። እሷ ግን አልወደቀችም። ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው እዚያው ተንጋላ፣ እጆቿን ዘርግታ ቁልቁል አየችኝ። «እማ፣ አየሽ?» አለችኝ። አየሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ እንባው ባጃጅ ውስጥ ስንመለስ ነው የደረሰ። የባለቤቴ እህት «አሁን ምን ያደርጋል፤ ሰዓቱ አለፈ እኮ» አለችኝ።

ጠፍሩን ይዤ ስገባ ባለቤቴ ተቀብሎ አሸተተው። «ምሰሶ ምሰሶ ይላል» ብሎ አጉረመረመ። ቅቤ አምጪ አለኝና ሲያሸው አመሸ። ስለ ልጃችን ምንም አልጠየቀም፤ ጠፍሩ በጤና መመለሱን ሲያይ የገባው ይመስለኛል።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ሰው የሚቀጥሩ ሰዎች ይኼን ያነቡት እንደሆነም አላውቅም። ካነበባችሁት ግን አደራ፤ ልብሱ ከሥራው ይቅደም። አዲስ ሰው ይፈራል፣ አይጠይቃችሁም። የማትሰጡትን እናቱ ከጓዳ ፈልጋ ትሰጠዋለች፣ የእናት ጓዳ ደግሞ ፍቅር እንጂ የሚያስተማምን ዕቃ የለበትም።

ዛሬ ሚኒባሱ ያን ቦታ ሲያልፍ ብርቱካንማ ሰደርያ ከሩቅ አየሁ። ወገቧ ላይ ቀበቶው ይታያል። «እዩ፣ ሴት ናት!» አለ እንደተለመደው አንዱ።

«የኔ ናት» አልኩ። ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ረዳቱ ሳይቀር ዞረ።

መስኮቱን ከፍቼ «አጥብቂው!» ብዬ ጮኽኩ። መስማቷን እንጃ፤ ግን ወገቧን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ሚኒባሱ ጉዞውን ቀጠለ። ሌላ ምሰሶ መጣ፣ ሌላም መጣ። እያየኋቸው ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደገፍኩ፤ ረዳቱ «እማማ፣ እንጅባራ ደርሰናል፣ ይውረዱ» ብሎ ሲነካኝ ነው የነቃሁት። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር።