ከኮረብታው ያልተደወለው ስልክ

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ የተወሰነው ስህተት ሊሆን ይችላል። ሎሪው ሰማያዊ ይመስለኛል፤ እህቴ ግን አረንጓዴ ነበር ትላለች፣ እሷ ደግሞ ያንን ሎሪ ከእኔ ይልቅ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። የጫንናቸውን ከብቶች ቁጥርም ረስቻለሁ። ከሁሉ በላይ የምጠራጠረው ግን ያን ዕለት እኔ ራሴ ተናገርኩ ብዬ የማስበውን ነው። ይህን የምጽፈው ትዝታዬን አምኜው አይደለም። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ትዝታዬ ለእኔ እያደላ መሄዱን ስላስተዋልኩ ነው።

ወላጆቼ ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል፣ ትንሽ ሆቴል ነበራቸው። ደንበኞቻችን በአብዛኛው የሎሪ ሾፌሮች ስለነበሩ የመንገዱን ሕግ የተማርኩት መንገዱን ሳላውቅ፣ ከምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ሕጉ አጭር ነበር። ፖሊስ ጣቢያ የሚደወለው ደም ከፈሰሰ ወይም የታጠቀ ሰው ከታየ ብቻ ነው። የተቀረው፣ የተናደ ድልድይም ሆነ የተቆረጠ መንገድ፣ የሾፌሮች የራሳቸው ጉዳይ ነው። ቅርንጫፍ ተቆርጦ ከአደጋው ወዲህና ወዲያ መንገዱ ላይ ይጣላል፤ ከፊት ለፊት ለሚመጣው ለመጀመሪያው ሎሪ ይነገራል፤ በቃ።

ይህ ግድየለሽነት አልነበረም። መንገድ ተበላሸ ተብሎ ከተደወለ የከተማው መውጫ ኬላ ይዘጋል። ሎሪዎቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ይውላሉ፤ ከብት የጫነ ሰው ከብቶቹ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ሲያልቁ ቆሞ ያያል። የደወለው ሾፌር ደግሞ ፖሊሶቹ መጥተው ቦታውን እስኪያሳያቸው ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ያለ ደም የደወለ ሰው ስም ይወጣለት ነበር። አንዱን «አምቡላንስ» ይሉት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሆቴላችን ሲገባ ከየጠረጴዛው የአምቡላንስ ድምፅ እያሰሙ ይቀበሉት ነበር። እሱም ይስቃል፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም።

እኔ በዚያን ጊዜ ናይሮቢ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ዕረፍቴን ጨርሼ ስመለስ የአባቴ ወዳጅ የሆነ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሾፌር ከጎኑ አስቀምጦ ወሰደኝ። ገና በማለዳ ነው የወጣነው። ኬላው ላይ ሌላ ሾፌር፣ የእሱ የልብ ጓደኛ፣ ባቄላ ጭኖና ከጭነቱ በላይ ሰው አሳፍሮ ቆሟል፤ አንድ ወረቀት ጎድሎት ነበር። ስናልፈው በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ሂድ፣ ሂድ! አቧራህን ግን ለእኔ እንዳታስቀምጥ!» ብሎ ጮኸ።

ሾፌራችንም «ሌላ ምን አለኝና!» ብሎ መለሰለት።

ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ዋልዳ ከመድረሳችን በፊት ይመስለኛል፣ አንድ ላጋ ተሻገርን። ላጋ ዝናብ ሲጥል ብቻ ጎርፍ የሚወርድበት ደረቅ ወንዝ ነው። የፊት ጎማዎቻችን በደህና አለፉ። የኋላው ሲመጣ ግን መሬቱ ከሥራችን ወረድ አለና ሎሪው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ሾፌሩ ነዳጁን ረግጦ ወጣ። ወርደን አየነው። ከላይ ለተመለከተው መንገዱ ደህና ነው። ጎርፉ ግን ከሥር በልቶት ሰው ተጎንብሶ የሚገባበት ዋሻ አድርጎታል፤ ከላይ የቀረው አንድ ስንዝር የማይሞላ አፈር ነው።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አልኩት።

«መንገድ ነበር» አለኝ።

በገጀራ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጦ በሁለቱም በኩል ጣለ፤ እኔም እሾሁ እጄን እየወጋኝ ጎተትኩ። ያን ጠዋት ከፊት ለፊታችን የመጣ አንድም ሎሪ አልነበረም፤ ስለዚህ የምንነግረው ሰው አላገኘንም። ከኋላችን ግን ባቄላ የጫነው ወዳጁ እንደሚመጣ፣ ከጭነቱ በላይም ሰዎች እንዳሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለ እሱ ምንም ሳንነጋገር ተነሳን።

ከዚያ ቦታ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ኮረብታ አለ። በዚያ መንገድ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነበር። ከብቶቹን የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ከላይ ሆነው «አንዷ ተኛች! ተኛች!» እያሉ የጋቢናውን ጣራ ስለደበደቡ እዚያው ቆምን። በሚሄድ ሎሪ ላይ የተኛች ላም ካልተነሳች ትረገጣለች። እነሱ ጅራቷን እየጠመዘዙ ሲያነሷት ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ስልክህ ምን ይላል?»

«ኔትወርክ አለው።»

ባቄላ የጫነው ወዳጁ ስልክ አልነበረውም። የፖሊስ ጣቢያው ቁጥር ግን ከሾፌሩ ራስ በላይ፣ በጋቢናው ጣራ ጨርቅ ላይ፣ በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር። ሁለታችንም ቀና ብለን አየነው።

«እንደውልላቸው ጋሼ፤ ከኋላችን ሰው አለ» አልኩ። እንደማስታውሰው።

«አንተ ዩኒቨርሲቲ፣ ደም አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«መሣሪያ የያዘ ሰውስ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ልትላቸው ነው? መሬቱ ደክሞታል ልትላቸው?» ከላይ ያሉት ሰዎች ሰምተው ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። «ከደወልን ተመልሰን ላጋው ዘንድ እንቆማለን። እነዚህ ላሞች እስከ ማታ የሚቆሙ ይመስልሃል? ቅርንጫፍ ጥለናል። እሱ ደግሞ ከእኔ በፊት መሪ የጨበጠ ሰው ነው፤ ዓይን አለው።»

እኔ የማስታውሰው ይህንን ነው። ሾፌሩ በኋላ ለሰው ሲያወራው ግን በዚህ ንግግር ውስጥ የእኔ ቃል የለም። እሱ ብቻውን እንዳወጣና እንዳወረደ፣ እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ እንደነበር፣ በመጨረሻም «ሀያ፣ እንሂድ» እንዳልኩ ይናገራል። ሀያ በስዋሂሊ እሺ ማለት ነው። ውሸታም ሰው አይደለም። እኔም ስልኬ ላይ አቀርቅሬ እንደነበር መካድ አልችልም፤ ኮረብታው ላይ ሆኜ ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ውጤት ወጥቶ እንደሆነ ጠይቄ ጽፌለት ነበርና። መልሱ ወዲያው ገባ፤ አልወጣም የሚል ነበር። መልእክቱ የገባበት ቀንና ሰዓት እስካሁን ስልኩ ውስጥ አለ፤ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ነው። እንግዲህ በዚያች ኮረብታ ላይ ስልኬ ሠርቷል ማለት ነው። የሠራው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

ላሟ ተነሳች፤ እኛም ሄድን።

ወሬውን በሦስተኛው ቀን ናይሮቢ ሆኜ ከእናቴ ሰማሁ። ከቀትር በኋላ ባቄላ የጫነው ሎሪ ላጋው ላይ ተገልብጧል። ከላይ የነበሩት ሰዎች አሸዋው ላይ ተበትነው አንዱ እጁ፣ ሌላዋ ጎድኗ ተሰብሮ ተርፈዋል። ሾፌሩ ግን ቀኝ እግሩ በጋቢናው ሥር ተይዞ ብዙ ቆይቷል። ሆስፒታል ሲደርስ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

በሚቀጥለው ዕረፍቴ ከሾፌራችን ጋር ልንጠይቀው ሞያሌ አጠገብ ወዳለችው ቡቲዬ ሄድን። ከቤቱ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክራንቹን፣ አንዲት ችግኝ ፍየል እንዳይደርስባት ባጠረላት አጥር ላይ አስደግፎ አገኘነው። ቅርንጫፉን አላየው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ስለቆየሁ ገና ሳንቀመጥ ጠየቅኩት።

«አየሁት እንጂ!» አለ። «ቅርንጫፍ አለ፤ የቆመ ሎሪ ግን የለም። አንዱ ሰነፍ ጎማውን ቀይሮ፣ ቅርንጫፉን ሳያነሳ ሄዷል ብዬ እናቱን ሰደብኩለት።» ከዚያም ወደ ሾፌራችን ዞረ። «ለካ ያንተን እናት ነው! አውፍ በለኝ።»

«እሷ ለምዳዋለች» አለ ሾፌራችን።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ያላሰብኩት ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ መንገድ ሎሪ ሲበላሽም የሚጣለው ያው ቅርንጫፍ ነው፤ ሠርቶ የሄደ ሾፌር ደግሞ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ መኪና የሌለበት ቅርንጫፍ ባየ ቁጥር እያንዳንዱ ሾፌር ተሳድቦ ይረግጠዋል። እኛም ያን ዕለት ላጋው ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ሁለት ቦታ ረግጠን አልፈናል።

«ከኬላው ስንት ሰዓት ወጣህ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ! ሻይ ጠጣሁ፣ ወረቀቱ መጣ፣ ወጣሁ።»

ሾፌራችን ቀበል አድርጎ «እኛ ኮረብታው ጋ ስንደርስ ወጥቶ ነበር» አለ። «ከኬላ ለወጣ ሰው ማን ይደርስለታል? ስልክ ሎሪ ይጎትታል እንዴ?»

«ልክ ነው» አለ እግሩን ያጣው ሰው፤ «ወጥቼ ነበር።» ይህን ያለው ለእኛ አዝኖ ይሁን አምኖበት አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ነገሩ በሦስታችን መካከል በዚሁ ጸና። ሲወራ ሁልጊዜ «ወጥቶ ነበር» ይባላል፤ እኔም ለሌሎች ስተርክ እንደዚያው እላለሁ።

ሾፌራችን መንዳቱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አብሬው ተጉዣለሁ። ቅርንጫፍ ባየ ቁጥር ሎሪውን አቁሞ ይወርዳል፤ መንገዱን በተረከዙ እየደበደበ ወደፊት በእግሩ ይሄዳል፤ ከኋላ ያሉት ጥሩንባ እየነፉ ይሰድቡታል። ዞሮም አያያቸውም። ተመልሶ ሲገባ ፊቱ ላይ የማነበው ድካም ብቻ ነበር። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ስለ ኮረብታው አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም፤ እኔም አላነሳሁበትም።

ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላ በመንገድ ጥናት ሥራ ላይ ለጥቂት ወራት ተቀጠርኩ። ከሥራዬ አንዱ የኬላውን አሮጌ መዝገቦች እያገላበጡ በየቀኑ ስንት ተሽከርካሪ እንደወጣ መቁጠር ነበር። የእያንዳንዱ ሎሪ ታርጋና የወጣበት ሰዓት በእጅ ተጽፏል። ያንን ቀን ለመፈለግ ማንም አላዘዘኝም። ቀኑን ከስልኬ መልእክት ላይ ገልብጬ ሄጄ መዝገቡን አወጣሁ። የእኛ ሎሪ ከገጹ አናት ላይ አለ። የወዳጁን ታርጋ ከመዝገቡ ጋር ለማመሳከር ቡቲዬ ድረስ ሄጄ፣ ምክንያቱን ሳልናገር፣ ከራሱ ጠይቄ ተመለስኩ። ያገኘሁትንም ለእሱም ሆነ ለሾፌራችን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ታርጋው ያው ነው፤ ቀኑም ያው ነው። ባቄላ የጫነው ሎሪ ከኬላው የወጣው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ መልእክቱ ኮረብታው ላይ ስልኬ ውስጥ ከገባ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ።