የስልሳ አምስት ብሩ ትኬት

ዘርፌ ነገር በሆዷ የምታሳድር ሴት አልነበረችም። ገርጂ ሁለት ላሞች ነበሯት። በየማለዳው ወተቷን በጣሳ ተሸክማ እስከ ቦሌ በእግሯ ትወርድና ለየቪላው ታድላለች። በዋጋ የሚነዛነዛት ሲመጣ ክዳኗን ገጥማ ትሄዳለች እንጂ አትለማመጥም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የኖረችው እንዲሁ ነው።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላት ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ከፈተና ከልጅ እግሮቹ ቀድማ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የምስክር ወረቀቷን ከተቀበለች በኋላ ደንበኞቿ አንብበው የጣሉትን ጋዜጣ እየወሰደች፣ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች ታነብ ጀመር። ሰው እንደሚዋሽ ታውቃለች፤ የታተመ ወረቀት ግን ይዋሻል ብላ አስባ አታውቅም።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ወንድሟ አያሌው ጎንደር ሞተ። መርዶው የደረሳት ከተቀበረ ከሳምንት በኋላ ነው። የወንድሟን አፈር ሳታይ መቅረቷ አንጀቷን አሳረረው። እህቷ ተናኜም፣ «ለአርባው እንኳ ድረሺ» ብላ ላከችባት። ተዝካሩ ጥቅምት ውስጥ እሑድ ቀን ነበርና ለሐሙስ ማለዳ የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠች።

ረቡዕ ዕለት ከአንድ ቪላ ባመጣችው ጋዜጣ ላይ የገጹን ግማሽ የያዘ ማስታወቂያ አየች። ነጠላ የለበሰች ሴት እየሣቀች የአውሮፕላን ደረጃ ትወጣለች። በላይዋ በትልልቁ፣ «ቁርስ አዲስ አበባ፣ ምሳ ጎንደር! 65 ብር ብቻ!» ይላል። ዘርፌ ሦስት ጊዜ አነበበችው። በአውቶቡስ መንገዱ ሁለት ቀን ነው፤ ጉልበቷ ያብጣል፣ ላሞቿንም ሳምንት ሙሉ የሚያልብላት የለም። በአውሮፕላን ከሆነ ቅዳሜ ሄዳ ሰኞ ትመለሳለች።

ጎረቤቷ የሺመቤት የጎንደር አውቶቡስ አጥታ ስትንገላታ ሰንብታ ነበር። ዘርፌ ትኬቷን ሰጠቻትና፣ «ተናኜን ቅዳሜ በአውሮፕላን ትመጣለች በያት» አለቻት። የሺመቤት መርቃት ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሄደች።

የዚያኑ ዕለት ረፋድ ላይ ዘርፌ በቦሌ መንገድ ዳር ወዳለው፣ ማስታወቂያውን ወዳወጣው የጉዞ ወኪል ገብታ ስልሳ አምስት ብሯን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ትኬት ሻጩ ረታ የሚባል ከረቫት ያሰረ ወጣት ነው።

«መቶ ሰባ ነው፣ እማማ።»

«እዚህ ስልሳ አምስት ይላል።»

«እሱ ሙሉ ከሚከፍል ሰው ጋር ለሚሄድ ሕፃን ነው። ከታች ተጽፏል።»

በእስክሪብቶው ጫፍ አሳያት። ከሴትየዋ ጫማ ሥር እንደ ዝንብ ኩስ የረቀቀ መስመር አለ። ዘርፌ የወረቀቱ እድፍ መስሏት ነበር።

«ታዲያ ይቺ የምትሣቀው ሕፃን ናት?»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሣቁ። ረታ አንገቱን ደፋ። ሣቁን የሰማው ኃላፊው ዓለምሰገድ ከውስጠኛው ክፍል ወጥቶ ከእግር እስከ ራሷ ገረመማትና፣ «ሴትዮ፣ ማንበብ ለሚችል ሰው በግልጽ ተጽፏል» አላት።

ይቺን አልቻለችም።

«እንካ! አንተ የቻልከው አንብበው!»

ሰው ሁሉ ያያልና ጋዜጣውን ተቀበለ። ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ መልሶ አራቀ። «ሙሉ ዋጋ... ከሚከፍል...» ብሎ ቆመ።

«ስልሳ አምስቱን ጽፋችሁ ቀለም አለቀባችሁ? በዚህ ወሬ ዛሬ ስንት ሰው መጣላችሁ?»

«አሥራ አንደኛዋ እርስዎ ነዎት» አለ ረታ በዝግታ። ኃላፊው አፈጠጠበት።

«ውጪልኝ! ለጥበቃ ሳላስይዝሽ!»

«አስይዘኝ! ሌባ ሲያዝ ማን ቀድሞ እንደሚታሰር እናያለን!»

የበሩ ዘበኛ ክንዷን ይዞ አወጣት። መቶ ሰባ ብር የላትምና በቀጥታ አውቶቡስ ተራ ሄደች፤ እስከ ሰኞ ወንበር የለም ተባለች።

ዓርብ ወተቷን አድላ ስትጨርስ ከወኪሉ በር ላይ ቆመች። ያቺን ረቂቅ መስመር በቃሏ ይዛታለች። የሚገባውን ሁሉ፣ «ለሕፃን ነው! ለአንተ አይደለም!» እያለች ታነብለታለች። የተመለሱ አሉ፤ እብድ ናት ብለው ያለፏትም አሉ። ቅዳሜም ሳታድል፣ ወተቷን እንደያዘች በማለዳ መጣች። ያን ጊዜ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ወደ ቀበሌው ግቢ ወስደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቀመጧት። ስትለቀቅ ወተቱ ረግቷል። ግቢው ውስጥ፣ ጠመንጃ ከያዙት ፊት ደፋችውና ሄደች። የተዝካሩን ቀን ቤቷን ዘግታ ዋለች። ሊያጽናና የመጣውን ሁሉ ተቆጥታ መለሰች።

ጎንደር የሄደችው ጥር ላይ ነው፤ በአውቶቡስ። ተናኜ ከደጃፏ ላይ የሽሮ ክክ ታበጥር ነበር። አልተነሣችም።

«ቅዳሜ ዕለት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ጋሪ ተከራይቼ ወጣሁ» አለች ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ። «የመጣውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እያየሁ ቆየሁ። በማግሥቱ ለቀስተኛው፣ እህትሽ ከደመና ላይ ቀረች? ብሎ ሣቀብኝ።»

«አታለሉኝ፣ ተናኜ። በጋዜጣ ጽፈው አታለሉኝ።»

«እኔ ጋዜጣ አላውቅም። ያልመጣሽው አንቺ ነሽ።»

በማግሥቱ ወደ አያሌው መቃብር ሄዱ። ተናኜ አሥር እርምጃ ቀድማ ትሄዳለች፤ ዘርፌ ባበጠው ጉልበቷ እያነከሰች ትከተላለች። ተናኜ አልጠበቀቻትም። ሁለት ቀን አንድ ቤት ውስጥ አፍ ለአፍ ሳይገጥሙ አደሩ።

በሦስተኛው ቀን ተናኜ እንስራውን በእግሯ ወደ እሷ ገፋ አድርጋ፣ «ውኃ ቅጂ» አለቻት።

ዘርፌ እንስራውን አንሥታ ወጣች።