ለጋሽ ተክሌ ያልተነፋ ጥሩምባ

ባለፈው ቅዳሜ ለጎረቤት ለቅሶ ሰሃን ላመጣ የእድራችን ዕቃ ቤት ገባሁና፣ ከአግዳሚ ወንበሮቹ ኋላ ተጥሎ የጋሽ ተክሌን ትራምፔት አየሁት። አፉ ውስጥ የድንኳን ሲባጎ ጠቅጥቀውበታል! ሲባጎውን ስጎትተው ከውስጡ የሎሚና የበግ ፀጉር ሽታ ወጣ፤ ያን ጊዜ ለዓመታት ያመቅኩት ንዴት ገነፈለ።

ጋሽ ተክሌ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ፣ ቀን በወታደር ባንድ ማርሽ፣ ማታ በየሆቴሉ ጃዝ ሲነፉ ጨርሰው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ተወለዱበት ብርድ ብቻቸውን ተመለሱ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ትራምፔቱን በሎሚና በአመድ ያሹታል፣ በበግ ፀጉር ይወለውሉታል፤ እኔ ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሎሚ ያዥ ነበርኩ። እያሹም የሩቅ አገር ጃዝ ነፊዎችን ሕይወት፣ የኔታ ገድል እንደሚተርኩት አድርገው ይተርኩልኛል፤ አንዱ ጥርሱ ከረገፈ በኋላ እንደ ሕፃን መንፋት ከሀ ሁ እንደጀመረ፣ ሌላው መድረክ ላይ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ እንደሚነፋ። "ጃዝ ማለት ልጄ፣ የሰጡሽን ዜማ የራስሽ አድርገሽ መመለስ ነው" ይሉኝ ነበር።

ታዲያ እኚህን ሰው እድሩ ምን አደረጋቸው? ጥሩምባ ነፊ! ሰው በሞተ ቁጥር በውርጭ ተነስቶ በየመንደሩ እየዞረ የሚያረዳ። እናቴ "ምነው፣ ናቋቸው እኮ" ብላ ስትቆጣ፣ እሳቸው ግን የትራምፔቱን መንፊያ ብብታቸው ውስጥ እያሞቁ "ሥራ አገኘሁ" ብለው ሳቁ። ለካ ምን እንዳሰቡ እሳቸው ነበሩ የሚያውቁት። መጀመሪያ እንደ ደንቡ አንድ ረጅም ድምፅ ያወጣሉ፤ ከዚያ ሟቹን ይነፉታል። የበግ ፀጉር ለባና ብርድ ልብስ የሚፈትሉት እትዬ ብዙነሽ ያረፉ ዕለት ትራምፔቱ እንደ እንዝርት ሾረ። እናቴ ገና ከብርድ ልብሷ ሳትወጣ፣ ስም ሳይጠራ፣ "ውይ እትዬ ብዙነሽ!" ብላ አለቀሰች።

ይኼ ነው እንግዲህ ጥፋታቸው። አንድ ቀን በሳቁ አገር የሚያውቀው ነጋዴ ሞተና ጋሽ ተክሌ ሳቁን ጨመሩበት። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የሚሄዱ ሴትዮ ፈገግ አሉ፤ አንዱማ ትከሻው ነቅነቅ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። የእድሩ ዳኛ አቶ ጌታነህ መንገድ ላይ ጠበቋቸው።

"ሰውዬ፣ ለቅሶ ነው ሠርግ የሚጠሩን?"

"ሟቹን ነው የጠራሁት" አሉ ጋሽ ተክሌ።

ወዲያው በጥሩምባው ፈንታ ሜጋፎን ተገዛ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተክሌ "ሎሚ ያዢ" ብለው ጠርተውኝ አያውቁም።

በክረምቱ አረፉ። እኔ መግቢያዋን፣ ረጅሟን ድምፅና ከሷ ቀጥላ የምትወድቀዋን አጭር፣ አስተምረውኝ ነበርና እየሮጥኩ ሄጄ "እባክዎ፣ ለሳቸው እንኳ ልንፋ" ብዬ አቶ ጌታነህን ለመንኩ። "ሴት ልጅ ጥሩምባ ስትነፋ የት አይተሻል? ሂጂ ውኃ ቅጂ!" አሉኝ። ሜጋፎኑ ባትሪው ደክሞ ሲያቃስት አለፈ። አንድ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ "ተክሌ የቱ? ባለወፍጮው?" ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ! ሰውን ሁሉ በድምፁ ያሳወቁን ሰውዬ፣ የቱ ተክሌ እንደሆኑ ሳይታወቅ ተቀበሩ። ልጅ ስለሌላቸው ዕቃቸውን እድሩ ሰበሰበ።

እና ቅዳሜ ዕለት ሰሃኑን አስቀመጥኩና መንፊያውን ብብቴ ውስጥ አሞቅኩት። ደጅ ወጥቼ ነፋሁ። መጀመሪያ እንደ ጥጃ ጮኸ፤ ቀጥሎ ረጅሟ ወጣች፣ አጭሯም ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ግን ምንም የለኝም። የእትዬ ብዙነሽ እንዝርት፣ የነጋዴው ሳቅ፣ እሳቸውን ራሳቸውን እንዴት እንደምነፋቸው፣ ሁሉም አብሯቸው ጉድጓድ ገብቷል። ስለዚህ ያችኑ መግቢያ ደጋገምኳት።

በሮች ተከፈቱ። አቶ ጌታነህ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ደረሱ።

"ማነው የሞተው?"

"ጋሽ ተክሌ" አልኳቸው።

"አብደሻል? እሳቸው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው!"

"አዎ" አልኩ፤ "ግን እስከ ዛሬ አልተነፋላቸውም።"