ለሁለት የተከፈለ ክኒን

እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ያለው መድኃኒት ቤታችን ጥግ ላይ በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ቦታ አለች። የጤና ቁጥጥር ባለሙያዎች ከደንበኛ ጋር ሌላ ሰው ሳይሰማ የምትነጋገሩበት ቦታ ያስፈልጋችኋል ስላሉን ነው ያዘጋጀናት። ወንበር አስገብተን ስንጨርስ ለመደርደሪያ የሚሆን ቦታ አለቀብን።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ፋርማሲ ተምሬ ነው እንጅባራ የገባሁት። አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ ግን እዚሁ አካባቢ ስላደገች አማርኛውንም አገውኛውንም እኩል ትናገራለች።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ገቡ። የቆዩ ደንበኛችን ናቸው። ግራር ተክለው፣ ከሰል አክስለው ይሸጣሉ። የደም ግፊት ስላለባቸው የሐኪም ማዘዣቸውን ይዘው ክኒናቸውን የሚወስዱት ከእኛ ነው።

«ለባለቤቴ ያን የሚነፋውን ስጪኝ» አሉኝ። የአስም መድኃኒቱን፣ ፓፉን ማለታቸው ነው። «የኔንም ክኒን ጨምሪበት።»

ፓፉን የወሰዱት በቅርቡ ነበር። እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

«ትንፋሹ ባሰባቸው እንዴ?» አልኳቸው።

«ባሰባት። የከሰሉ ጭስ ነው። ምን ታድርግ፣ እንጀራችን እሱ ነው።»

«የእርስዎስ ክኒን? ገና ነበር እኮ፤ እንዴት አለቀ?»

ፊታቸውን ወደ በሩ መለስ አደረጉ። «አለቀ አልኩሽ እኮ ልጄ።»

ሴትዮዋ ትንፋሽ እያጠራቸው ፓፉን መከልከል አልችልም። ሁለቱንም ሰጠኋቸውና በሚቀጥለው ገበያ ባለቤታቸውን ይዘው እንዲመጡ ለመንኳቸው።

«አንቺ ሐኪም ነሽ?» አሉኝ ቆጣ ብለው።

«አይደለሁም አባባ። መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ መሆኑን ማየት ግን የኔ ሥራ ነው።»

መድኃኒቱን ይዘው ወጡ። እውነቱን ለመናገር፣ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም።

መጡ። ሴትዮዋ ከባጃጅ ወርደው እኛ በር ላይ እስኪደርሱ መንገድ ላይ ቆመው ማረፍ ነበረባቸው። ቀጭን ናቸው፤ ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል። ከመጋረጃው ኋላ አስቀመጥናቸው። አማርኛ ብዙም ስለማይናገሩ ባልደረባዬ አጠገባቸው ሆና ማስተርጎም ጀመረች። መጀመሪያ ፓፉን እንዴት እንደሚወስዱ እንዲያሳዩን ጠየቅን። ነፉት፤ ግን ወደ ውስጥ ስላልሳቡት መድኃኒቱ እንደ ጉም ተመልሶ ከአፋቸው ወጣ። ባልደረባዬ ቀስ ብላ አሳየቻቸው፤ እስኪያውቁበት ደጋገሙት።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብዬ አስጠየቅሁ።

ሴትዮዋ ባላቸውን አዩና በዝግታ አንድ ነገር ተናገሩ። ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞረች።

«የባላቸውን ክኒን ነው የሚወስዱት። ራሳቸውን ማመም ከጀመራቸው ወዲህ፣ ባላቸው የራሳቸውን ሙሉውን ወስደው ሌላ ክኒን ለሁለት እየከፈሉ ግማሹን ይሰጧቸዋል።»

ያ ክኒን ለሽማግሌው ግፊት ጥሩ ነው፤ አስም ላለበት ሰው ግን የትንፋሹን መንገድ የሚያጠብ፣ የማይሰጥ ዓይነት ነው። ይህንኑ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። «አንድ ቤት እየኖርን፣ ከአንድ ገበታ እየበላን፣ ደኅና ያደረገኝን መድኃኒት ከሷ ልደብቅ ነው? እኔን ያዳነ እሷን እንዴት ይጎዳል?»

«እርስዎን ያዳነው ለእርስዎ ሕመም ስለታዘዘ ነው። የእሳቸው ሕመም ሌላ ነው» አልኳቸው።

ባልደረባዬ ይህን ስታስተረጉምላቸው ሴትዮዋ አጭር ጥያቄ ጠየቁ። ይገድለኝ ነበር ወይ ነው ያሉት። መዋሸት አልቻልኩም። ትንፋሹ በጣም ከጠና ሊገድል እንደሚችል ነገርኳቸው። ሽማግሌው መልሰው ተቀመጡ፤ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ቁጣቸው አልከበደኝም ነበር፤ ይህ ግን ከበደኝ። እኒህ ሰው ያላቸውን ነገር ለሚስታቸው ከማካፈል በቀር ያደረጉት የለም።

የሆነውን በወረቀት ጽፌ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው፤ ባልደረባዬም አብራቸው ሄደች። ሐኪሙ ሲለካቸው ሴትዮዋ ግፊት የለባቸውም። ራስ ምታቱንም የሚያመጣባቸው ከሚጨሰው የከሰል ክምር አጠገብ መዋላቸው ሳይሆን እንዳልቀረ ነገራቸው። የባላቸውን ክኒን አስቁሞ፣ ባያማቸውም በየቀኑ የሚወስዱት የአስም መድኃኒት አዘዘላቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። አስሙ አልጠፋም፤ ብርዱ ሲበረታ አሁንም ሴትዮዋን ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ነገር ግን ከሰል ማክሰሉን ትተው፣ ግራሩን እንደቆመ ለሚያከስሉ ሰዎች መሸጥ ጀምረዋል። የሚያገኙት እንደቀነሰ ሽማግሌው ሳይደብቁ ነገሩኝ። «ግን አሁን ዳገቱን ሳታርፍ ትወጣለች» አሉኝ።

በቅርቡ ደግሞ ሽማግሌው መጥተው ክኒናቸውን ከተቀበሉ በኋላ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ቆዩ።

«ጎረቤቴ ራሱን ሲያመው ከክኒንህ ስጠኝ አለኝ።»

«ምን አሉት ታዲያ?»

«አልሰጥህም፣ ይልቅ ና እንሂድ አልኩት። ይኸው ውጭ ቆሟል፤ አፍሮ ነው።»

ወጥቼ አየሁ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ በራችን አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አስገብቼ ወንበር ሰጠሁትና መጋረጃውን ሳብኩት።