ሁልጊዜ የሚጮኸው ሳጥን

ውትድርናዬን ያገለገልኩት በሄሊኮፕተር መካኒክነት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ለሙከራ ተብሎ አንድ ሳጥን ሄሊኮፕተሮቻችን ላይ ተገጠመ። የሞተሩንና የካምቢዮውን ንዝረት እያዳመጠ፣ ሕመም ሲሰማው ለአብራሪው ቀይ መብራት ያበራል።

ዓርብ ከጦር ሰፈሩ አሽቀሎን ከተማ ቤታችን ስገባ ለአባቴ ነገርኩት። ከጎንደር በሱዳን አድርጎ እዚህ ያደረሰን፣ ፋብሪካ እየጠረገ ያሳደገን ሰው ነው። ነገሩ ደስ አለው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለ። «ብልህ ሳጥን ነው።»

ብልህነቱን እኔ አላየሁትም። መብራቱ በበራ ቁጥር በረራ ይሰረዛል፤ ካምቢዮውን አውርደን ፈታትተን ብናየው ብረቱ ደህና ነው። መልሰን እንገጥማለን። አዛዡ ይቆጣል፣ የእኔም ቤት መሄጃ ይቀራል። ይህ ሁሉ ሳይበቃው ከባድ ነው፤ እሱን ለመሸከም ሌላ ዕቃ ይቀነሳል።

«አባባ፣ ያ ሳጥንህ አመመኝ ማለት ልማዱ ሆነ» አልኩት አንድ ዓርብ። «አሁንማ የሚሰማውም የለ።» እህቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም።

በዚያው ሰሞን ደረቱን ወጋው። እህቴ ከሥራ ቀርታ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ መረመረና በዕብራይስጥ «ሀኮል ቤሴደር»፣ ሁሉም ደህና ነው ብሎ መለሰው። አባቴ አፈረ። ልጅቷን በከንቱ ከሥራ አስቀረኋት እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

አንድ ማክሰኞ ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ እንዳለ መብራቱ በራ። አብራሪው እያጉረመረመ ሜዳ ላይ አሳረፈው። ካምቢዮውን ስንከፍተው የማርሹ ጥርስ ተሰንጥቋል። ጥቂት ቢቆዩ ኖሮ ከውስጥ ከነበሩት አንድም አይተርፍም ነበር። በከንቱ ያስለፋንን ሁሉ ለዚያ ሳጥን ይቅር አልኩት፤ ወሬውንም ለአባቴ ለዓርብ ያዝኩለት።

ሐሙስ አዛዡ ጠርቶኝ «ቤትህ ሂድ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ከሕንፃችን ሥር ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ሳይ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

እናቴ ነበረች የነገረችኝ። ጠዋት ደረቱን ይዞ ሲቀመጥ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላው ነበር።

«ተይኝ፤ እኔስ እንደ ልጄ ሳጥን በከንቱ አልጮህም» አላት። ሆድ ይፍጀው ብሎ ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ።

በእሱም፣ በሐኪሙም፣ በራሴም ተናደድኩ። ሳጥኑ እውነቱን እንደነበር ልነግረው የቀረኝ አንድ ቀን ነበር።